አገር ስትከፈል የሚከፈለው ማን ነው?



በጠቢቡ በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ስለ አንድ ሕፃን የተሟገቱትን የሁለቱን ሴቶች ታሪክ ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑ ለሁለት ይከፈል ባለ ጊዜ አንዲቱ በነገሩ ተስማማች፤ ሁለተኛዪቱ ግን ልጇ ከሚሞት ለባላጋራዋ እንዲሰጥ ለምና መብቷን ለቀቀች። ንጉሡም እናቲቱ ማን እንደ ሆነች ከዚህ ዐወቀ። ይህን ታሪክ ስናነብ ሁላችን በቀላሉ እንፈርዳለን፤ ሕፃን ተከፍሎ እንደማይኖር ግልጥ ነውና። ስለ አገር መከፈል ሲነገር ግን ፍርዱ እንዲህ ቀላል ሆኖ አይታይም። የተከፈለች አገር እንደ ሕፃኑ ወዲያው አትሞትም። በሁለቱም ወገን ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ ሹማምንት ይሾማሉ፤ ገበያ ይቆማል፤ ሙሽራ ይዳራል። ስለዚህ ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሰው፥ ሁለቱም ክፍል በሕይወት ካለ የተጎዳው ማን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ይህንኑ ጥያቄ ነው። መሥመሩ በካርታ ላይ ሲታይ በተራራና በወንዝ ላይ ያለፈ ይመስላል፤ ቀርበን ስንመለከተው ግን በማእድ ላይ፥ በመቃብር ቦታ ላይ፥ በእናትና በልጅ መካከል ዐልፎ እናገኘዋለን። መሥመሩን የሚያሰምሩት ሰዎች በመሥመሩ ላይ አይኖሩም፤ በመሥመሩ ላይ የሚኖሩትን ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም።

ለምርመራችን የምንመርጠው ምሳሌ የጀርመን አገር ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ነገሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ደግሞም የማርቲን ሉተር አገር ለእኛ ባዕድ ስላልሆነች ነው። ሉተር ያስተማረባት ዊተንበርግም፥ አዲስ ኪዳንን የተረጎመባት የዋርትቡርግ ዐምባም በምሥራቁ ክፍል ቀርተው ነበር። ዘመኖቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጀርመን ያለ በደል አልተከፈለችም። በ1939 በአውሮፓ ጦርነት የጫረችው እርስዋ ናት፤ በሂትለር ዘመን መንግሥቷ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድን ፈጅቷል፤ ብዙ አገሮችንም አጥፍቷል። በ1945 በተሸነፈች ጊዜ አሜሪካ፥ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት በአራት ክፍል ተካፍለው ያዙአት፤ በሶቪየት ክፍል መካከል የምትገኘው ዋና ከተማዋ በርሊንም እንደዚሁ በአራት ተከፈለች። ድል አድራጊዎቹ እርስ በርሳቸው መስማማት ባቃታቸው ጊዜ በ1949 ከሦስቱ የምዕራብ ክፍሎች አንድ መንግሥት፥ ከምሥራቁ ክፍል ሌላ መንግሥት ተቋቋመ። ይህም እስከ 1990 ድረስ ለ41 ዓመታት ጸንቶ ኖረ።

ይህ ለሠሩት ሥራ የተገባ ፍዳ ነው የሚል ሰው አለ። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት እንዳለበት አንክድም፤ ሰው የዘራውን ማጨዱ አይቀርምና። ነገር ግን አጫጁ ማን እንደ ነበረ እንመልከት። በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ጎረቤቶች እኩል በድለው፥ ወይም እኩል ዝም ብለው ይሆናል፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን አንዱ ቤቱ ከጅረት ወዲህ ስለ ሆነ ብቻ ነጻ ሲሆን ሌላው ከጅረቱ ወዲያ ስለ ሆነ ብቻ ታሰረ። በ1950 የተወለደው ሕፃንስ ምን በድሎ ነው? በደልን የሚመዝን ፍርድ በደለኛውን ከንጹሑ ይለያል፤ በምድር ላይ የተሰመረ መሥመር ግን የሚለየው ወዲህና ወዲያን ብቻ ነው። ስለዚህ የአገር መከፈል፥ ምንም እንኳ ከኃጢአት የተነሣ ቢመጣ፥ ስለ ኃጢአት የተሰጠ ፍርድ ነው ለማለት አንችልም።

በባቫርያና በቱሪንጊያ ወሰን ላይ ሞድላሮይት የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ሃምሳ ያህል ብቻ ናቸው። በመካከሏ ታንባኽ የሚባል፥ ሰው ዘልሎ የሚሻገረው ትንሽ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ ከጥንት ጀምሮ የሁለት ግዛቶች ወሰን ነበረ፤ ለመንደሩ ሰዎች ግን ወሰንነቱ ከስም አያልፍም ነበር። ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልዩ ነበር፤ ተጋብተውና ተዋልደው ይኖሩ ነበር። በ1949 ይህ ጅረት የሁለት መንግሥታት፥ ከዚያም ዐልፎ በዓለም ላይ የተፋጠጡት የሁለት ጎራዎች ድንበር ሆነ። በ1952 በጅረቱ ዳር የእንጨት አጥር ቆመ፤ በ1966 ደግሞ በአጥሩ ፈንታ 700 ሜትር ርዝመትና ከ3 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግንብ ተሠራ። በምሥራቅ በኩል ያለ ሰው ከጅረቱ ማዶ ላለው ጎረቤቱ እጁን አንሥቶ ሰላምታ መስጠት እንኳ ተከለከለ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ እናውቃለን። በሞድላሮይት የቅርቡ ጎረቤት ከሁሉ ይልቅ ሩቅ ሆነ። ከሩቅ አገር ለሚኖር ዘመድ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ዐሥር እርምጃ ርቆ የጭስ ማውጫው ለሚታይ ጎረቤት ግን ራስን መንቀነቅ ወንጀል ሆነ። አገር ስትከፈል መጀመሪያ የሚከፈለው እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰላምታ።

በዚያው በ1952 የምሥራቁ መንግሥት በጠረፉ ሁሉ 5 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክልል ከለለ። የማይታመኑ ናቸው ያላቸውን ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎች ከቤታቸውና ከርስታቸው ነቅሎ ወደ መሀል አገር አጋዛቸው። ብዙዎቹ ዕቃቸውን ለመጫን የተፈቀደላቸው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበረ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የደረሱበት አገር ሰው፥ ያለ ጥፋት የተጋዘ የለም ብሎ በጥርጣሬ ዐይን ተመለከታቸው። ቤቱን ያጣ ሰው ስሙንም አብሮ አጣ።

በበርሊን ከተማ ግን መተላለፊያው እስከ 1961 ክፍት ነበረ። ከ1949 ጀምሮ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከ2 ሚሊዮን ተኩል የሚበልጥ ሕዝብ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ኰበለለ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወጣቶች፥ ሐኪሞች፥ መምህራንና የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ነበሩ። የምሥራቁ መንግሥት አገሩ ባዶ መቅረቱን ፈራ። ሰው ለምን እንደሚሄድ ከመጠየቅ ይልቅ ግን በሩን ለመዝጋት ቈረጠ። እሑድ ነሐሴ 13 ቀን 1961 ሊነጋጋ ሲል ወታደሮች በከተማይቱ መካከል ሽቦ ዘረጉ፤ ቀጥሎም ግንብ ተሠራ። በርናወር በተባለው ጎዳና የቤቶቹ ግድግዳ የምሥራቅ ሲሆን በደጃፋቸው ያለው የእግረኛ መንገድ የምዕራብ ነበረ። በሮቹ በጡብ በተደፈኑ ጊዜ ሰዎች በመስኮት መዝለል ጀመሩ፤ የምዕራቡ እሳት አጥፊዎች ሸማ ዘርግተው ይቀበሉአቸው ነበር። ሸማውን የሳቱትም ሞቱ። ቀጥሎ መስኮቶቹም ተደፈኑ።

የምዕራብ በርሊን ሰዎች ከዚያ በኋላ በምሥራቅ በርሊን ያሉትን ዘመዶቻቸውን ለ28 ወራት አላዩም። በ1963 የልደት በዓል ሰሞን ስምምነት ተደርጎ ለ18 ቀናት በሩ በተከፈተ ጊዜ 700,000 ያህል ሰዎች በብርድ ተሰልፈው የይለፍ ወረቀት ወሰዱ፤ ጉብኝታቸውም ሲቈጠር 1.2 ሚሊዮን ሆነ። እያንዳንዱ ጉብኝት ግን የአንድ ቀን ብቻ ነበረ። በ28 ወራት ውስጥ ስንት ሕፃን ይወለዳል፥ ስንት ሽማግሌ ይሞታል! በሁለቱ የከተማ ክፍሎች መካከል የነበረውም ስልክ በ1952 ተቈርጦ እስከ 1971 ሳይቀጠል ኖረ። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ በምሥራቅ ያሉ ጡረተኞች በዓመት አንድ ጊዜ ዘመዶቻቸውን ሊጠይቁ ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ ተፈቀደ። ይህ ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን እናስተውል። ሽማግሌው የተፈቀደለት ባይመለስም ስለማይጎድል ነው። ወጣቱ የተከለከለው ጉልበቱ ስለሚፈለግ ነው። ሰው በጉልበቱ ሲመዘን ነጻነቱን የሚያገኘው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ይሆናል።

እስካሁን የተናገርነው በሥጋ ስለ መለያየት ነው። ከዚህ የሚከፋ ሁለተኛ ጉዳት አለ፤ እርሱም መሥመሩ ወደ ሰው ኅሊና ገብቶ ሰውን ከራሱ ጋር መክፈሉ ነው።

የምሥራቁ መንግሥት ዐሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ለመንግሥት ታማኝነታቸውን የሚገልጡበትን ሥርዐት ከ1955 ጀምሮ አቆመ፤ ይህም በቤተ ክርስቲያን በሚደረገው የእምነት ማጽኛ ሥርዐት አንጻር የቆመ ነበረ። እምቢ ላሉት ብዙ ልጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚያደርሰው በር ተዘጋባቸው። እስቲ እኛ አባቶች የሆንን ራሳችንን በዚያ እናስቀምጥ። ልጃችን ዐዋቂ፥ ሐኪም ለመሆን የሚመኝ ነው እንበል። ማል ብለን እንመክረዋለንን? ወይስ እምቢ ብለህ ዕድሜህን በጉልበት ሥራ ጨርስ እንለዋለን? ከሩቅ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። ብዙ ቤተ ሰብ ሦስተኛ መንገድ አገኘ፤ በትምህርት ቤት አንድ ነገር፥ በቤት ሌላ ነገር መናገር። ልጅ ሁለት አንደበት እንዲኖረው ያስተማሩት አባቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ የሚወዱት አባቶች ነበሩ። የዚህ ዐይነት መከፈል ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፤ ፍቅርን ራሱን የሐሰት መምህር ያደርገዋል።

በ1989 የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ ሚኒስቴር 91,000 ያህል ሠራተኞችና ከ170,000 የማያንሱ በስውር ወሬ የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩት። ከ1992 ጀምሮ መዝገቡ ለባለጉዳዮች ተከፍቶ እያንዳንዱ ስለ ራሱ የተጻፈውን እንዲያነብ በተፈቀደለት ጊዜ አንዳንዱ የወዳጁን፥ አንዳንዱ የሥራ ባልደረባውን፥ አንዳንዱም የትዳር ጓደኛውን ወሬ አቀባይነት አነበበ። ግንቡ በዚህ ጊዜ ፈርሶ ነበረ፤ ነገር ግን በአንድ አልጋ ላይ እንኳ ዐልፎ እንደ ነበረ ታወቀ።

ስለ ወታደሮቹም ልንናገር ይገባናል። በበርሊን ግንብ ቢያንስ 140 ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የተኰሱት ወታደሮች አብዛኞቹ ወጣቶች፥ የገበሬና የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ለጥበቃ የሚሰማሩት ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው፤ ጥንዶቹም እንዳይተዋወቁና እንዳይተማመኑ በየጊዜው ይለዋወጡ ነበር። አንዱ ጠላትን ሲጠብቅ ሌላው ጓደኛውን ይጠብቃል። በየካቲት ወር 1989፥ ግንቡ ሊፈርስ ዘጠኝ ወር ሲቀረው፥ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ሊሻገር ሲል ተገደለ። ከአገሪቱ አንድነት በኋላ ወታደሮቹ ለፍርድ በቀረቡ ጊዜ ታዘን ነው አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ይህን ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አላገኘውም። እኛም ፍርዱ ትክክል ይመስለናል፤ ትእዛዝ ሰውን ከኅሊናው አያሰናብተውምና። ነገር ግን በዚያው ፍርድ ቤት ቆሞ በነበረው ወታደር ዕድሜ ያለ ልጅ ላላቸው ሁሉ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። ያን ልጅ ያን ጠመንጃ አሲዞ በዚያ ያቆመው ማን ነው? የገደለውም የተገደለውም የአንድ አገር ልጆች፥ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ነበሩ። በመቃብር ያለው ሞቱን፥ በሕይወት ያለው ግድያውን ተሸከመ።

ሦስተኛው ጉዳት ንቀት ነው፤ ይህም ከበጎ ሥራ ውስጥ እንኳ ሊበቅል ይችላል። በምዕራብ ያሉ ቤተ ሰቦች ለምሥራቅ ዘመዶቻቸው ቡና፥ ቸኰላታ፥ ልብስና ሳሙና በየዓመቱ በብዙ ሚሊዮን ጥቅል ይልኩ ነበር። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ብዙ ልብም አጽናንቷል። ነገር ግን አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፥ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ አርባ ዓመት ሲኖር ሰጪው ሳያውቀው ይታበያል፤ ተቀባዩም ሳይወድ ያፍራል። አንድነት በ1990 በመጣ ጊዜ ይህ ስውር ነገር ወጣ። በምሥራቅ የነበሩ ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ እጅግ ብዙ ሰው ሥራ ፈታ፤ የተማሩት ትምህርትና የለመዱት ሥራ ዋጋ እንደሌለው ተነገራቸው። በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ ሆኖም «እኛ» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም ይናገሩት ጀመር። ጀርመኖች ራሳቸው ይህን «በጭንቅላት ውስጥ ያለ ግንብ» ብለውታል። የድንጋዩ ግንብ በጥቂት ወራት ፈረሰ፤ ይህኛው ግን ከድንጋዩ ይልቅ ጸንቶ ተገኘ።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ዝሆኖቹ ከሄዱ በኋላ ሣሩ በአንድ ክረምት ይታደሳል፤ የተረገጠ ሰው ግን በአንድ ክረምት አይታደስም። ደግሞም ሣር ሣርን አይረግጥም፤ የተከፈለ ሕዝብ ግን በዝሆኖቹ ፈንታ እርስ በርሱ መረጋገጥን ይማራል።

ቤተ ክርስቲያንስ በዚህ ሁሉ ወዴት ነበረች? ታሪኩ የሚያስመካም የሚያሳፍርም ነው። የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለሃያ ዓመታት ያህል በሁለቱ መንግሥታት ውስጥ አንድ ኅብረት ሆነው ቆይተዋል። በ1969 ግን የምሥራቆቹ በመንግሥታቸው ግፊት የራሳቸውን ኅብረት ለማቋቋም ተገደዱ። ቢሆንም የምሥራቅና የምዕራብ ጉባኤዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ መጻጻፍንና መጠያየቅን አልተዉም። ያን ክር ይዘው የቆዩት አብዛኞቹ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ ምእመናን ናቸው።

በዚያው በበርናወር ጎዳና በ1894 የተመረቀች የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን የምትባል ነበረች። ሕንጻዋ በምሥራቅ መሬት ቆሞ ምእመናኗ አብዛኞቹ በምዕራብ ይኖሩ ነበር። ግንቡ በደጃፏ ዐለፈ፤ በጥቅምት 1961 ለሁሉም ተዘጋች። በሁለት ግንቦች መካከል፥ ወታደርና ውሻ በሚዘዋወሩበት ባዶ መሬት ላይ፥ ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ጸሎት ቆመች። በመጨረሻም በጥር 1985 መንግሥቱ በፈንጂ አፈረሳት። ስሟ ዕርቅ የሆነ ቤት ለተኵስ እይታ እንቅፋት ሆነ ተብሎ መፍረሱን ማንም ደራሲ ሊፈጥረው አይደፍርም ነበር።

በላይፕሲግ ከተማ ባለችው በቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ግን ከ1982 ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ ስለ ሰላም ይጸለይ ነበር። አንዳንድ ጊዜ የሚመጡት ጥቂቶች ነበሩ። ጥቅምት 9 ቀን 1989 ከጸሎት በኋላ 70,000 ያህል ሰዎች ብዙዎቹ ሻማ ይዘው በጎዳና ወጡ። ወታደርና ፖሊስ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ሆኖም አንድ ጥይት አልተተኰሰም። ሻማ የያዘ ሰው ነፋስ እንዳያጠፋበት በሁለተኛው እጁ ይጋርደዋል፤ ስለዚህ ድንጋይ የሚያነሣበት እጅ የለውም። ከአንድ ወር በኋላ፥ ኅዳር 9 ቀን፥ የበርሊን በሮች ተከፈቱ።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊከራከረን ይችላል። ከጠብ ይልቅ መለያየት የሚሻልበት ጊዜ የለምን? አባታችን አብርሃም እረኞቻቸው በተጣሉ ጊዜ ከሎጥ ጋር መሬት ተካፍሎ ተለያይቶ የለምን? ይህ ክርክር ትክክለኛ ነው፤ ልንሸሸውም አንወድም። ኖርዌይና ስዊድን ከ1814 ጀምሮ በአንድ ንጉሥ ሥር ከኖሩ በኋላ በ1905 ተለያዩ። በሁለቱም ወገን ጦር ተሰልፎ ነበረ፤ ነገር ግን ተነጋግረው ያለ ጦርነት ተለያዩ፤ የጠረፍ ምሽጎችም እንዲፈርሱ ተስማሙ። ከሁለቱም አገሮች መምህራን ወደ አገራችን መጥተው አንዱን ወንጌል አስተምረውናል። ቼኮችና ስሎቫኮችም በጥር 1 ቀን 1993 ያለ ደም ሁለት መንግሥታት ሆኑ። እንግዲህ ሁለት መንግሥት መሆን በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። አብርሃም ከሎጥ በተለየ ጊዜ ምርጫውን ለታናሹ ሰጠ፤ ሎጥ በተማረከም ጊዜ የኔ ድርሻ አይደለም ሳይል ተከትሎ አዳነው። ወሰን ነበራቸው፤ ወንድማማችነታቸው ግን ወሰኑን ይሻገር ነበር። ኃጢአቱ ከመሥመሩ ላይ አይደለም፤ በመሥመሩ ላይ በር እንዳይኖር ከማድረግ ላይ ነው። ይልቁንም የወዲያኛው ሰው ሰላምታችን እንዳይገባው፥ ለቅሶው እንዳይሰማን፥ ስሙ እንዲረሳን ከማድረግ ላይ ነው።

ይህን ስንጽፍ ልባችን ወደ ቤታችን መመለሱ አልቀረም። ኤርትራ በ1993 በሕዝብ ድምፅ ነጻ መንግሥት ሆነች። በ1998 ከኢትዮጵያ ጋር ጦርነት ተነሥቶ እስከ 2000 ድረስ በብዙ ዐሥር ሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች ወደቁ፤ ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በትውልዳቸው ምክንያት ከኖሩበት ቤት ወደማያውቁት አገር ተባረሩ። መንገዱና ስልኩ ሃያ ዓመት ያህል ተዘጋ። ለእኛ ለወንጌላውያን ነገሩ ድርብ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ የደከሙት በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ነበረ፤ መጽሐፉ በ1899 ታትሞ ከዚያ በኋላ ወደ ወለጋ ደረሰ። የአንዱ ወገን ጉባኤ የሌላውን እጅ ሳይዝ አልቆመም።

ከምናገለግላቸው ምእመናን መካከል አንዲት አሮጊት እናት በአስመራ እኅት ነበረቻቸው። የእኅታቸውን መሞት የሰሙት በሦስተኛ አገር በሚኖር የዘመድ ልጅ በኩል ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለቅሶ ልንደርስ በሄድን ጊዜ፥ «አባቴ፥ መቼ ሞተች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ያሳፍረኛል፤ እኅቴ በመቃብር ሳለች እኔ በዓል ውዬአለሁ፤ ስቄአለሁ» አሉን። ምን ብለን እንደምናጽናናቸው ጨነቀን። በሐምሌ 2018 ሰላም ታውጆ ስልኩ በተቀጠለ ጊዜ፥ አይሮፕላንም ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ በበረረ ጊዜ ብዙ ሰው በየመንገዱ ተቃቅፎ አለቀሰ። በመስከረም የየብስ በሮችም ተከፈቱ፤ ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ግን እንደ ገና ተዘጉ። እኚያ እናት ስልኩ እንደ ተቀጠለ የእኅታቸውን ልጅ ድምፅ ሰምተዋል፤ ድምፅዋ የእናቷን መሰለኝ አሉን። በታላላቅ ሰዎች ስምምነት ውስጥ ለተራው ሰው የሚደርሰው ድርሻ ይህ ነው፤ አንድ ድምፅ መስማት። እርሱንም ትንሽ ነው አንልም።

እንግዲህ መሥመር ለማስመርም ለመፋቅም ሥልጣን የሌለን እኛ ምን እናድርግ?

አስቀድመን አንደበታችንን እንጠብቅ። የእስራኤል መንግሥት ለሁለት የተከፈለችው ንጉሡ ሮብዓም የሽማግሌዎችን ምክር ንቆ በተናገረው በአንድ ቀን ክፉ ቃል ነበረ፤ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም አይሁድና ሳምራውያን በአንድ ጽዋ አይጠጡም ነበር። ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ቃል ይዘረጋል። «እነዚያ ሰዎች» የምንለው ቃል ከአፋችን በወጣ ቍጥር አንድ ድንጋይ ለግንቡ እናቀብላለን። ስለ አንድ ሰው ጥፋት ስንናገር የሰውዬውን ስም እንጥራ እንጂ የወገኑን ስም አንጥራ።

ሁለተኛም፥ ከሌላው ወገን ለመቀበል እንማር። ጌታችን በሲካር የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ወደ ሳምራዊቷ ሴት መሥመሩን የተሻገረው አስቀድሞ በመስጠት አይደለም፤ ውኃ በመለመን ነው። ቡናና ቸኰላታ ከመላክ ይልቅ ይህ ይከብዳል። የተለያዩ ወንድማማቾች መካከል ሽማግሌ ሆነን ስንገባ እንዳየነው፥ የታረቁት አንዱ ለሌላው ካሳ የሰጠ ጊዜ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን በሬህን አውሰኝ ያለ ጊዜ ነው። ከአንተ የምፈልገው ነገር አለ ማለት ሰው ነህ ማለት ነውና።

ሦስተኛም፥ በራሳችን ቤት ያለውን እንመርምር። በወንበር፥ በገንዘብና በትውልድ ስም የተለያዩ ጉባኤዎች ባሉን ጊዜ ስለ ሌሎች ግንብ መናገራችን ምን ፍሬ አለው? በአንድ ደብር አጥር ውስጥ ሳይነጋገሩ የሚኖሩ ሁለት ቤተ ሰቦች ካሉ፥ ሞድላሮይት ሩቅ አገር አይደለችም።

የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን በፈረሰችበት ቦታ በኅዳር 9 ቀን 2000 አንዲት ትንሽ የጸሎት ቤት ተመረቀች። ግድግዳዋ በሲሚንቶ አልተሠራም፤ ከተደቀደቀ ጭቃ ነው፤ በጭቃውም ውስጥ የቀድሞዪቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተከስክሶ ተቀላቅሎአል። በግድግዳው ላይ የድሮው ጡብ ስብርባሪ ዛሬም ይታያል። ሞት የሚጠበቅበት በነበረው በዙሪያዋ ባለው መሬት ላይ የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል ይዘራል፤ ታጭዶም ዳቦ ይጋገርበታል። ሠሪዎቹ ፍርስራሹን አልጣሉትም፤ እንዳልነበረም አላደረጉትም፤ ግድግዳ አደረጉት።

የተከፈለ ሕዝብ ቢጠገን በዚህ መንገድ ይመስለናል። የሆነውን በመርሳት አይደለም፤ የተሰበረውን ሰብስቦ ቤት በማድረግ ነው። ያ ቀን ለሁሉ እስኪመጣ ድረስ ከመሥመሩ ወዲያ ላለው ሰው እጃችንን ማንሣት አንተው። ባያየንም እናንሣ፤ ክንዳችን ሰላምታን እንዳይረሳ።